በጣሊያን ዘመን የተሠራ የካቶሊክ ቁምስና ቤተ ክርስቲያን (ደሴ ዙሪያ)፦ ዕድሜው በምን ይረጋገጣል? ግድግዳውስ ለምን ይፈረፈራል?

የቦርከና ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ለወረዳው የቅርስ መዝገብ ደሴ ዙሪያ ያለ የአንድ ካቶሊክ ቁምስና (አጥቢያ) ቤተ ክርስቲያን መግለጫ እየተዘጋጀ ነው። ሁለት ነገር ላይ የሚያውቅ ሰው ምክር ያስፈልገናል።

አንደኛው ዕድሜው ነው። ሕንፃው የጥቁር ድንጋይ ግንብ ነው፤ አንድ ረዘም ያለ አዳራሽ፣ በስተመጨረሻው ግማሽ ክብ ክፍል፣ በጎኑ አራት ማዕዘን የደወል ማማ አለው። ሁሉም ሰው «ጣሊያን የሠራው» ይለዋል። ዓመቱ ላይ ግን አንዱ 1928፣ ሌላው 1938፣ ሌላው ደግሞ 1944 ይላል። ከዋናው በር በላይ ጽሑፍ ያለበት ድንጋይ አለ፤ የሮማ ቁጥር ይታይበታል፣ ግማሹ ግን በቀለም ተሸፍኗል።

ሁለተኛው ግድግዳው ነው። ከወለሉ ጀምሮ እስከ ወገብ ድረስ ልስኑ በየዓመቱ ይረግፋል፤ ነጭ ዱቄት ያወጣል። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ በሲሚንቶ ተለስኗል፤ ሁለቱም ጊዜ ረግፏል። አሁን ደግሞ የጥገና ኮሚቴው ጠንከር ባለ ሲሚንቶ ለስኖ እስከ ወገብ ሴራሚክ ለመለጠፍ አስቧል። ይህ ይበጃል? ካልበጀስ ምን ይደረግ?


ጦሳ ማዶ፦

የዓመቱን ጉዳይ እኔ ልመልስ። ሦስቱም ቁጥሮች ከባዶ የተነሱ አይመስለኝም፤ የተቀላቀለው አቆጣጠሩ ነው። የጣሊያን ጦር ደሴ የገባው ሚያዝያ 7 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው፤ ደሴ ነፃ የወጣችው ሚያዝያ 18 ቀን 1933 ዓ.ም.። ሕንፃው በእውነት የጣሊያን ዘመን ከሆነ የተሠራው በእነዚህ አምስት ዓመታት ውስጥ ነው፤ ሌላ ቦታ የለውም። «1938» የሚለው በፈረንጅ አቆጣጠር ከሆነ 1930 ወይም 1931 ዓ.ም. ማለት ነው፤ በትክክል መሀል ላይ ይወድቃል። በእኛ አቆጣጠር 1938 ከተባለ ግን ጣሊያን ከወጣ አምስት ዓመት ሆኖታል፤ አይሆንም።

«1944» ሁለት ምንጭ ሊኖረው ይችላል። በ1944 እ.ኤ.አ. (1936 ዓ.ም.) መንግሥት የሚስዮኖችን ሥራ የሚወስን ድንጋጌ አወጣ፤ አገሩን ለሚስዮን ክፍት በሆነና የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ክልል በሆነ ቦታ ከፈለው። በእኛ 1944 ዓ.ም. ደግሞ (1951 እ.ኤ.አ.) ቫቲካን የካቶሊኩን አስተዳደር እንደገና አዋቅሮ በአዲስ አበባ ሥር የሥርዓተ ግዕዝ (በግዕዝ ሥርዓት የሚቀድሱ ካቶሊኮች) አስተዳደር አቋቋመ። የቆየ ደብዳቤ ላይ «1944» አይታችሁ ከሆነ የትኛው እንደሆነ የወሩ ስም ይነግራችኋል፤ «ኦገስት» ካለ የፈረንጅ፣ «ነሐሴ» ካለ የእኛ።

ደሴን ራሷን የቻለች የሚስዮን ግዛት (ሐዋርያዊ ፕሬፌክቱራ ይሉታል) ያደረጋት ቫቲካን ነው፤ መጋቢት 16 ቀን 1929 ዓ.ም.። ኃላፊነቱ ፍራንሲስካውያን ለሚባሉት የካቶሊክ መነኮሳት ተሰጠ። ስለዚህ ከፊት ለፊቱ ግድግዳ ወይም ከደወሉ ላይ በመስቀል ፊት የተጠላለፉ ሁለት ክንዶች ካያችሁ የእነሱ ማኅተም ነው። አንደኛው ክንድ ባዶ፣ ሌላው እጅጌ ያለው ነው።

ከዚያ በፊት የካቶሊክ ሕንፃ በወሎ ምድር መፈለግ ብዙም አያዋጣም። ከ1870 ዓ.ም. የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ አፄ ዮሐንስ የካቶሊክ ሚስዮናዊውን ጳጳስ አባ ማስያስን እንኳ ከሸዋ አስወጥተዋቸዋል። ጉባኤው የተቀመጠው እዚሁ ደሴ አፍንጫ ሥር መሆኑ መግለጫችሁ ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር ይገባዋል፤ ይህ ሕንፃ ለምን በሰላም ጊዜ ሳይሆን በወረራ ጊዜ እንደመጣ አንባቢው የሚረዳው በዚያ ነው።

አሁን ወደ ድንጋዩ። በዚያ ዘመን ጣሊያኖች ሁለት ዓመት ይጽፉ ነበር፤ አንዱ የተለመደው የፈረንጅ ዓመት፣ ሌላው የፋሺስት ዓመት። የፋሺስቱ ዓመት የሚቆጠረው ከኦክቶበር 28 ቀን 1922 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው፤ በእኛ ጥቅምት 18 አካባቢ ይለወጣል። ስሌቱ ቀላል ነው፤ የፋሺስት ዓመቱ ላይ 1914 ስትደምሩ ያ ዓመት የጀመረበትን ዓ.ም. ታገኛላችሁ። 16 ከሆነ 1930 ዓ.ም. ጥቅምት ጀምሮ 1931 ጥቅምት ያልቃል። በወሎ ሊገኝ የሚችለው ከ14 እስከ 19 ብቻ ነው። ከዚያ ውጭ ያለ ቁጥር ካነበባችሁ አሳስታችሁ አንብባችኋል ወይም ድንጋዩ ከሌላ ቦታ የመጣ ነው።

ምልክቶቹን ለማያውቅ፦ እንደ ማባዣ የተጠላለፈው 10፣ ወደ ታች የሾለው 5፣ ቀጥ ያለው መስመር 1 ነው። 1 ከ5 በፊት ከቆመ 4፣ ከ10 በፊት ከቆመ 9።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ሌላ ነገር አለ። ድንጋዩ አናት ላይ ዲ፣ ኦ፣ ኤም የሚሉ ሦስት የላቲን ፊደላት ብቻቸውን ከተቀመጡ ዓመት አይደሉም፤ «ከሁሉ በላይ ለሆነው ቸር አምላክ» የሚለው ምህጻር ነው። ዲ 500፣ ኤም 1000 ስለሆኑ ከቁጥሩ ጋር ደምሮ ማንበብ ይቀላል። ጽሑፉ ውስጥ «ላፒስ» የሚል ቃል ካለ የመሠረት ድንጋይ የተጣለበት ዓመት ነው፤ «ኮንሴክራታ» ካለ ቤተ ክርስቲያኑ ተቀድሶ የተከፈተበት። ሁለቱ የተለያየ ዓመት ሊሆኑ ስለሚችሉ መዝገቡ ላይ ለየብቻ ጻፏቸው።

ቀለሙን በሽቦ ብሩሽም በአሲድም እንዳትነኩ። መጀመሪያ ሲመሽ ባትሪ ከጎን፣ ከግድግዳው ጋር ትይዩ አድርጋችሁ አብሩና ፎቶ አንሱ፤ የተቀረጸው ፊደል ጥላ ስለሚጥል በቀለም ሥርም ይነበባል። ከአራቱም ጎን እያበራችሁ አራት ፎቶ ይበቃል። አንድ ቦታ ተፍቆ ከሆነ የመሮውን ዱካ ራሱን አንሱት፤ ከነፃነት በኋላ የፋሺስት ዓመትና ምልክት ከብዙ ድንጋይ ላይ ተፍቋል፣ የተፋቀውም ቦታ ታሪክ ነው።

ሌላው ማስረጃ የጥምቀት መዝገብ ነው። ቁምስና የጥምቀት፣ የጋብቻና የሞት መዝገብ መያዝ ግዴታው ነው። የመጀመሪያውን ገጽ ቀን ብቻ ቅዱ፤ የሰው ስም መገልበጥ አያስፈልግም። ቤተ ክርስቲያኑ ቢያንስ ከዚያ ቀን ጀምሮ አገልግሎት ይሰጥ እንደነበር ያሳያል። አዲስ አበባ በስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ደግሞ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ጣሊያኖች ከአየር ያነሷቸው ፎቶዎች አሉ፤ የእናንተ ቦታ ተካቶ እንደሆነ መጠየቅ ነው።


ግንበኛው፦

አብሽር፣ ግድግዳው አልሞተም። ግን ኮሚቴው ሴራሚኩን እንዳይገዛ ዛሬውኑ ንገሩት።

የሚሆነው ይሄ ነው። የዚያን ዘመን ግንብ ከሥሩ እርጥበት ማገጃ የለውም። ጥቁር ድንጋዩ ራሱ ውሃ ብዙም አይጠጣም፤ ውሃው የሚወጣው በድንጋዮቹ መሀል ባለው ማያያዣ፣ በኖራው ወይም በጭቃው በኩል ነው። ሲወጣ ከአፈር ጨው ይዞ ይወጣል። ግድግዳው ላይ ደርሶ ሲተን ውሃው ይሄዳል፣ ጨው ይቀራል። የኖራ ልስን ከሆነ በልስኑ አልፎ ፊት ላይ ይወጣል፤ ይጠረጋል፣ አለቀ። ሲሚንቶ ከሆነ ግን አያሳልፍም፤ ጨው ከኋላው ተጠራቅሞ እህል እህል ይሠራና ልስኑን እየገፋ ይጥለዋል። ውሃውም መውጫ ስላጣ ከሲሚንቶው በላይ ይወጣል። ለዚህ ነው ሁለት ጊዜ የተለሰነው ሁለት ጊዜ የረገፈው። ሴራሚክ ከለጠፋችሁ ደግሞ እርጥበቱን መስኮት ሥር ታገኙታላችሁ።

ግን በመጀመሪያ ውሃው በእውነት ከታች መምጣቱን አረጋግጡ። ከታች የሚመጣ ዙሪያውን አንድ ከፍታ ላይ መስመር ይሠራል። ከጣሪያ የሚመጣ ቦታ ቦታ ይዞ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። ጥርጣሬ ካለ 50 በ50 ሳንቲም ላስቲክ ግድግዳው ላይ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር ዝጉና ሁለት ቀን ተዉት። ጠል በላስቲኩ ውስጠኛ ፊት፣ በግድግዳው በኩል ከተገኘ ውሃው ከግድግዳው ነው፤ በክፍሉ በኩል ከሆነ የሰው ትንፋሽና የአየር ማጣት ነው፣ መፍትሔው መስኮት መክፈት ብቻ ነው።

ከግድግዳው ከሆነ ሥራው የሚጀምረው ከውጭ ነው፤ ግድግዳውን እስከ መጨረሻው አትንኩት።

አሸንዳውን እዩ። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ነው። 20 በ10 ሜትር ጣሪያ 200 ካሬ ነው፤ አንድ የሐምሌ ከሰዓት 30 ሚሊ ቢጥል 6,000 ሊትር፣ በየጎኑ 3,000 ሊትር ከግድግዳው ሥር ይወርዳል። አሸንዳ ከሌለ ያ ሁሉ መሠረቱ ሥር ይገባል። የአሸንዳው ዝቅታ በ2 ሜትር 1 ሳንቲም ይሁን፤ ለየ50 ካሬው ጣሪያ ባለ 10 ሳንቲም አንድ መውረጃ ቱቦ አድርጉ፤ የቱቦው ጫፍ ግድግዳው ሥር አይፍሰስ፣ ቢያንስ 2 ሜትር ይራቅ።

ቀጥሎ የውጭው አፈር። በሰማንያ ምናምን ዓመት አፈሩ ከፍ ይላል፤ ይደለደላል፣ ይነጠፋል፣ መቃብር ይቆፈራል። ከውስጠኛው ወለል እኩል ወይም በላይ ከሆነ ግድግዳው ጉድጓድ ውስጥ ቆሟል ማለት ነው። የውጭውን መሬት ከወለሉ ቢያንስ ከ15 እስከ 20 ሳንቲም ዝቅ አድርጉ፤ በየሜትሩ 5 ሳንቲም እያዘነበለ ከግድግዳው እንዲርቅ። ዙሪያውን የተነጠፈ ሲሚንቶ ካለ አንሱት፤ እርጥበቱ መሬት ለመሬት እንዳይተን አፍኖ ወደ ግድግዳው የሚመልሰው እሱ ነው። በምትኩ ጠጠር። የውሃ መውረጃ ቦይ የምትቆፍሩ ከሆነ ከግድግዳው 1 ሜትር ራቁ፤ ጥልቀቱም ከመሠረቱ ሥር አይለፍ። መሠረቱ የት እንደሚያልቅ ለማወቅ በበጋ 50 በ50 ሳንቲም አንድ መፈተሻ ጉድጓድ ይበቃል። ከመሠረት በታች የተቆፈረ ቦይ ማማውን ይሰነጥቀዋል።

ከዚያ ሲሚንቶውን አውርዱ፤ እርጥበቱ ከሚታይበት መስመር በላይ ሌላ 50 ሳንቲም ጨምራችሁ። በመሮና በቀላል መዶሻ፤ በኤሌክትሪክ መፍለጫ አይሆንም፣ ድንጋዩን ያንቀጠቅጠዋል። የወጣውን ጨው በደረቅ ብሩሽ ጥረጉና አፍሳችሁ ከግቢው አውጡት። በውሃ ካጠባችሁት ተመልሶ ይገባል።

አሁን ሰው ሁሉ የሚሸነፍበት ቦታ፦ መጠበቅ። ወፍራም ግንብ በወር ወደ 2.5 ሳንቲም ብቻ ነው የሚደርቀው። 60 ሳንቲም ግድግዳ ከሁለት ወገን ሲደርቅ ዓመት ይፈጃል። ልስኑን በዚህ በጋ አውርዱ፣ ክረምቱን ራቁቱን ያሳልፍ፣ አሸንዳውና ቦዩ መሥራታቸውንም በዚያው ታያላችሁ፤ በሚቀጥለው በጋ ለስኑ።

ለልስኑ 1 ኖራ ለ3 አሸዋ በስፍር። አሸዋው ሻካራና የታጠበ ይሁን። ለመፈተን ጠርሙስ ግማሽ አሸዋ፣ የቀረውን ውሃ ሙሉና መትታችሁ አሳድሩት፤ ላይ የተቀመጠው ደለል ከአሸዋው ቁመት ከመቶ 6 ካለፈ እጠቡት። ደረቅ (ገና በውሃ ያልበረደ) ኖራ ካገኛችሁ አብርዳችሁ ጉድጓድ ውስጥ ቢያንስ 3 ወር ይረፍ። ስታበርዱት ኖራውን ወደ ውሃው ጨምሩ፤ ውሃውን ኖራው ላይ ማፍሰስ ፈልቶ ዓይን ያጠፋል። መነጽርና ጓንት ያላደረገ ሰው አይቅረብ።

መጀመሪያ የድንጋዩን መጋጠሚያ 2 ሳንቲም ያህል ፍቃችሁ ሙሉት። ከዚያ ግድግዳውን አርጥባችሁ 3–5 ሚሊ የሚወረወር፣ ቀጥሎ 10 ሚሊ፣ በላዩ በፍራታሶ (በእጅ ማለስለሻ) የሚጨረስ 3–5 ሚሊ። በየመሀሉ ሳምንት፣ ሁሌም እርጥብ ጆንያ ተንጠልጥሎበት። ኖራ በአየር ቀስ እያለ ነው ድንጋይ የሚሆነው፤ ፀሐይ ካደረቀው ዱቄት ሆኖ ይቀራል። በአንድ ጊዜ 3 ሳንቲም የደፈነ ሰው ሙሉ ስንጥቅ ያጭዳል።

ወሩን ልብ በሉ። ወሎ በልግ አለው፤ ከየካቲት ጀምሮ ዝናብ ነው። የሥራው ጊዜ ከጥቅምት እስከ ጥር ብቻ ሆነ ማለት ነው። በዚያ ላይ ደሴ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ አላት። ሙቀቱ ሌሊት ከ5 ዲግሪ በታች ከወረደ አዲሱ ልስን ይቀዘቅዝና ይላጣል። ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ አትለስኑ፤ ማታ በጆንያና በላስቲክ ሸፍኑት። ኮምቦልቻ ዝቅ ስለምትል ይሄ ችግር ይቀንሳል። ሲያልቅ የኖራ ቀለም በስሱ 4 ጊዜ። የፕላስቲክም የዘይትም ቀለም አይሆንም፤ ሲሚንቶውን አውርዳችሁ በላስቲክ መሸፈን ነው።


ዘሐይቅ አርማታ፦

ከግንበኛው ጋር በብዙው እስማማለሁ፤ አንድ ነገር ላይ ግን አይደለም። ለደሴ ዝናብ ንጹህ ኖራ ከውጭ በኩል አይችልም፤ በተለይ ማማው አናት ላይና ከፊት ለፊቱ ግድግዳ ጫፍ። 1 ሲሚንቶ፣ 1 ኖራ፣ 6 አሸዋ ቢሆን ይተነፍሳልም ይቆማልም።

በሁለተኛ ደረጃ፣ ዕድሜውን ከድንጋዩ ጽሑፍ ብቻ አትፈልጉ፤ ፌሮው ይናገራል። በመስኮት ጉበን ወይም ከጣሪያው ሥር በሚዞረው አርማታ ላይ ሲሚንቶው ተልጦ ብረት ከታየ ተመልከቱት። ለስላሳ ክብ ብረት ከሆነ የድሮ ነው፤ ገመድ ገመድ የሚል ጥርስ ካለው ያ ክፍል ኋላ የተጨመረ ነው። የግድግዳውን ውፍረት በየመስኮቱ ለኩ። ከ50 እስከ 60 ሳንቲም ድንጋይ ከነበረ በኋላ አንድ ቦታ ላይ 20 ከሆነ ብሎኬት ነው፣ ቅጥያ ነው። በጣሊያን ዘመን ብረትና ሲሚንቶ ከሩቅ ስለሚመጣና ስለሚቆጠብ አርማታውን ለጉበንና ለማሰሪያ ብቻ ይጠቀሙበት ነበር፤ ሙሉ የአርማታ ምሰሶ ካያችሁ ተጠራጠሩ።

ወለሉ 20 በ20 ሳንቲም የሲሚንቶ ንጣፍ ከሆነ አንዱን ከጥግ አንስታችሁ ጀርባውን እዩ፤ የሠሪው ማኅተም ብዙ ጊዜ እዚያ ነው።


ግንበኛው፦

ስለ ፌሮው ትክክል ነህ። ስለ ውህዱ ግን ቦታ እንለይ። ከመሬት እስከ 1.5 ሜትር አንድ ማንኪያ ሲሚንቶም አይግባ፤ ጨው ያለበት ቦታ ነው፣ ሲሚንቶው ራሱም ጨው ይጨምራል። ማማው አናት ላይ ዝናቡ እንደሚገርፍ እውነት ነው፤ እዚያ 1 ኖራ፣ 1 በደንብ የተፈጨና የተነፋ ሸክላ፣ 2 አሸዋ ይበልጣል። የሸክላው ዱቄት ኖራው በውሃ ውስጥም እንዲጠነክር ያደርገዋል፤ ከድንጋዩ ጋርም አይጣላም። የተፈጨው የተቃጠለ ሸክላ እንጂ ጥሬ ቀይ አፈር አይደለም፤ ቀይ አፈር ቀለሙን እንጂ ጥንካሬውን አይሰጥም።

ማያያዣው ምን እንደሆነ ሳይታወቅም መወሰን አይቻልም። ከማይታይ ጥግ የአውራ ጣት ያህል አውጥታችሁ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጨምሩ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ከሟሟ ጭቃ ነው። ሳይሟሟ ከቆየ፣ በምስማር ከተጫረና ውስጡ ሽምብራ የሚያክል ነጭ እብጠት ካለበት ኖራ ነው። ምስማር የማይጭረው ግራጫ ከሆነ ሲሚንቶ።


ዘቅኔ ማኅሌት፦

ስለ ድንጋዩና ስለ ኖራው በቂ ተብሏል፤ ይህ ግን ቤተ ክርስቲያን ነውና መግለጫችሁ ውስጥ ሥርዓቱ ካልገባ ግማሹ ጎድሏል።

ሕንፃው የተሠራው ለሥርዓተ ላቲን (ለሮማው የአቀዳደስ ሥርዓት) ነው። በአገራችን ክብ ቤተ ክርስቲያን መቅደስ፣ ቅድስትና ቅኔ ማኅሌት አንዱ ሌላውን ከብቦ ይቀመጣል። የላቲኑ አሠራር አንድ ረጅም አዳራሽ ነው፤ ምእመኑ በአንድ ወገን፣ መሠዊያው ግማሽ ክቡ ውስጥ ከግድግዳው ተጠግቶ፣ በመሀላቸው ጉልበት የሚደርስ አጥር። ከዋናው በር በላይ የመዘምራን ሰገነት፣ ከበሩ ጎን የጥምቀት ገንዳ፣ ከመሠዊያው ጎን የካህናት አልባሳት ክፍል። ቅዳሴው ወደ ሥርዓተ ግዕዝ ሲዞር ሕንፃው አልፈረሰም፣ ተስተካክሏል እንጂ። የባሕር ዳርና ደሴ ሀገረ ስብከት በ2007 ዓ.ም. ሲቋቋም የሥርዓተ ግዕዝ ሀገረ ስብከት ሆኖ ነው የተቋቋመው።

ይህ መስተካከል ዱካ አለው። ወለሉ ላይ ከአዳራሹ ወርድ አቋርጦ በእኩል ርቀት የተደፈኑ ጉድጓዶች ካሉ የድሮው አጥር የቆመበት ነው። ከላይ በዚያው ቀጥታ የብረት ማንጠልጠያ ካለ የመጋረጃው ነው። ግማሽ ክቡ ውስጥ ከግድግዳው አጠገብ ንጣፉ የተለየ አራት ማዕዘን ካለ የመጀመሪያው መሠዊያ እዚያ ነበር፤ ወደ ፊት የመጣው ከ1962 እስከ 1965 እ.ኤ.አ. ከተካሄደው ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በኋላ በመጣው ለውጥ ሊሆን ይችላል። እነዚህን ሁሉ በፕላኑ ላይ በነጠብጣብ መስመር ሣሏቸው። ጥገናውን ሰበብ አድርጎ ወለሉን በአዲስ ሴራሚክ መሸፈን ይህን ሁሉ መረጃ መቅበር ነው።

አቅጣጫውንም በኮምፓስ ለኩ። በእኛ ልማድ መቅደሱ ወደ ምሥራቅ ነው፤ የጣሊያኖቹ ግን ብዙ ጊዜ መንገዱን ወይም አደባባዩን ተከትለው በሩን ያዞሩ ነበር። ግማሽ ክቡ ወደ ምሥራቅ ካልዞረ መንገዱ የት እንደነበር ጠይቁ።

አንድ ለግንበኛው የሚጠቅም ነገር፦ ጫማ በሚወለቅበት ቤተ ክርስቲያን ወለሉ በምንጣፍ ይሸፈናል። ከሥሩ ላስቲክ ያለው ምንጣፍ ግድግዳ እስከ ግድግዳ ከተነጠፈ የወለሉ እርጥበት መውጫው ግድግዳው ብቻ ይሆናል። ከግድግዳው 40 ሳንቲም ያህል ተዉለት፤ የምንጣፉም ጀርባ ክር እንጂ ላስቲክ አይሁን።


የቦርከና ልጅ፦

እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ብዙ ተምረናል። በባትሪው ዘዴ ፊደሉ ተነበበ፤ ከፈረንጁ ዓመት ቀጥሎ 10፣ 5፣ 1 እና 1 የሚሆኑ ምልክቶች አሉ፣ ከእነሱ በኋላ ያለው ተፍቋል። ሁለት ነገር ልጨምር። ጣሪያው ግማሹ ቆርቆሮ አይደለም፤ ወፈር ያለ ግራጫ፣ ሞገድ ያለው፣ ሲመታ እንደ ሸክላ የሚጮህ ነው፣ ሁለት ቦታ ተሰብሯል። ማማው ላይም ከደወሉ መስኮት ጥግ ጀምሮ ሰያፍ ወደ ታች የሚወርድ ስንጥቅ አለ።


ጦሳ ማዶ፦

17 ነው እንግዲህ። 1914 ጨምሩበት፣ 1931 ዓ.ም. ጥቅምት ይጀምራል፣ 1932 ጥቅምት ያልቃል። የፈረንጁ ዓመት 1938 ወይም 1939 መሆን አለበት፤ 1938 ካለ ከኦክቶበር 28 በኋላ ባሉት ሁለት ወራት ውስጥ ነው ማለት ነው፣ ቀኑ ሳይጻፍ እንኳ ወሩን አገኛችሁት። የተፋቀው ቦታ ላይ ግን ሌላ መስመር ኖሮ 18 ሊሆን ስለሚችል የተፋቀውን ስፋት በሚሊ ሜትር ለክታችሁ በፊደላቱ መሀል ካለው ርቀት ጋር አስተያዩ። የፈረንጁ ዓመት 1938 ከሆነ ግን ጥያቄው ይዘጋል፤ 18 ከ1939 ኦክቶበር በፊት አይጀምርም።


ዘሐይቅ አርማታ፦

ጣሪያው ኢተርኒት ነው፤ የዚያን ዘመን ከሆነ ውስጡ አስቤስቶስ የሚባል ክር መሰል ማዕድን አለበት ብላችሁ ያዙት። ሳይነካ ከተቀመጠ ብዙ አይጎዳም፤ አደጋው ሲሰበር፣ ሲቆረጥና ሲቦረቦር የሚወጣው አቧራ ነው፣ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ከዓመታት በኋላ ካንሰር ያመጣል። በመጋዝ አትቁረጡት፣ በሽቦ ብሩሽ አትጥረጉት፣ አትርገጡት፤ ከእግር በታች ድንገት ይሰበራል። የተሰበረው ከተነሳ ውሃ ተረጭቶበት፣ ሳይሰባበር፣ በድርብ ላስቲክ ተጠቅልሎ ነው። የጨርቅ ማስክ አይበቃም፤ ለጥቃቅን ብናኝ የተሠራ ማጣሪያ ያለው ይሁን። በቆርቆሮ ከቀየራችሁት ደግሞ ጣሪያውን የተሸከመውን የእንጨት ማዋቀሪያ አስመርምሩ፤ ቆርቆሮ ቀላል ስለሆነ ነፋስ ያነሳዋል፣ በየሞራሌው ማሰሪያው መጨመር አለበት።

ስንጥቁ ሰያፍ መሆኑ መሠረቱ በአንድ ጥግ መስመጡን ወይም መናወጥ መኖሩን ያመለክታል። በ1953 ዓ.ም. የካራቆሬ የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴን ክፉኛ ጎድቷል፤ ከኮምቦልቻ ብዙ አይርቅም። ስንጥቁ ውስጥ የድሮ ቀለም ወይም የሸረሪት ድር ከገባበት የቆየ ነው፤ ጠርዙ ስለታምና ንጹህ ከሆነ አዲስ ነው። እየሰፋ መሆን አለመሆኑ ሳይታወቅ በሲሚንቶ እንዳትደፍኑት፤ ደግሞም እስኪታወቅ ደወሉ በገመድ እየተወዛወዘ አይደወል፣ ደወሉ ቆሞ ምላሱ ብቻ ይሳብ።

የጥገናውን ዕቅድ ይዛችሁ ወደ ቅርስ ባለሥልጣን ሂዱ። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት በቅርስ ላይ የሚደረግ ጥገና አስቀድሞ ፈቃድ ይፈልጋል፤ የስንጥቁ መዝገብ ካላችሁ ጉዳያችሁ ይፈጥናል።


ግንበኛው፦

መዝገቡ እንዲህ ነው የሚያዘው። ስንጥቁን አቋርጣችሁ በሦስት ቦታ፣ ከላይ፣ ከመሀልና ከታች፣ 10 ሳንቲም ርዝመት፣ 4 ሳንቲም ስፋት፣ 1 ሳንቲም ውፍረት ያለው ጀሶ ለጥፉ። ቀለሙን ፈቃችሁ ግንቡ ላይ ይያዝ፤ ልስን ላይ ከተለጠፈ የሚነግራችሁ የልስኑን ነገር ነው። ሳይደርቅ ቀኑን በምስማር ጻፉበት። ዝናብ የሚያገኘው ቦታ ከሆነ ጀሶ ይሟሟል፤ በዚያ ፋንታ በስንጥቁ ግራና ቀኝ ሁለት ምስማር ምቱና በካሊፐር መሀላቸውን ለኩ። በየወሩ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ጠዋት ፀሐይ ሳይመታው አንብቡት፤ ግንብ በሙቀት ስለሚለጠጥ የቀትሩ ልኬት ያሳስታችኋል። ዓመት ሙሉ በጋውንም፣ በልጉንም፣ ክረምቱንም ማየት አለበት። በክረምት ሰፍቶ በበጋ የሚመለስ ከሆነ ችግሩ መሠረቱ ሥር ያለው ውሃ ነው፣ አሸንዳውና ቦዩ ይፈታዋል። ሳይመለስ በየወሩ የሚሰፋ ከሆነ ግን ማማው ሥር ማንም አይቁም፣ መሐንዲስ ይምጣ። ጀሶውን ሰኔ ሳይገባ ለጥፉት።